ባዶ ጀልባና ሰው የጫነ ጀልባ፦ ስደተኞችን በባሕር ላይ ማስቆም ለምን እንዲህ አስቸገረ?

«ጀልባዎቹን እናስቆማለን» የሚለው ቃል በብሪታኒያ ፖለቲካ ውስጥ ዓመታት አስቆጥሯል። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሪሺ ሱናክ በጃንዋሪ 2023 ለሕዝባቸው ከገቧቸው አምስት ቃሎች አንዱ ይኸው ነበር። በ2024 የተተኳቸው ኪር ስታርመር ደግሞ የአሻጋሪዎቹን ቡድኖች እንሰባብራለን አሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከቃሉ ጀርባ ግን ብዙ ጊዜ በወጉ የማይብራራ ጥያቄ አለ። ሃምሳ ስልሳ ሰው ጭኖ በባሕር መካከል የሚሄድን የጎማ ጀልባ ማስቆም ሲባል በተግባር ምን ማድረግ ማለት ነው? ማን ነው የሚያስቆመው፣ በምን መሣሪያ፣ በየትኛው ሕግ? ካስቆመውስ በኋላ ሰዎቹን ወዴት ይወስዳቸዋል?

ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2025 የእንግሊዝን ቻናል በትንንሽ ጀልባ ካቋረጡት መካከል ኤርትራውያን በቁጥር ከቀዳሚዎቹ ነበሩ፤ ሱዳናውያንና ሶማሊያውያንም ብዙ ነበሩ። ኢትዮጵያውያንም በዚያው ጀልባ ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ፤ «ዛሬ ማታ ባሕር እገባለሁ» የሚል መልእክት ከደረሳቸው በኋላ ስልኩ ሌሊቱን ሙሉ ዝም የሚልባቸው ቤተሰቦች አዲስ አበባም፣ ጎንደርም፣ አስመራም አሉ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መረዳት ተገቢ ነው።

ስለ የትኛው ውሃ ነው የምንነጋገረው?

የእንግሊዝ ቻናል እንግሊዝንና ፈረንሳይን የሚለየው ባሕር ነው። በጣም በሚጠብበት ቦታ፣ በእንግሊዟ ዶቨርና በፈረንሳይዋ ካሌ አካባቢ፣ ወርዱ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ ደብረ ዘይት እንኳ ከዚህ ይርቃል። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ከፈረንሳይ ዳርቻ ሆኖ የዶቨርን ነጭ ገደል በዓይን ማየት ይቻላል። ብዙ ልጆችን የሚያታልላቸውም ይህ ቅርበት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ጠባብ መተላለፊያ በዓለም ላይ መርከብ ከሚበዛባቸው ውሃዎች አንዱ ነው፤ በቀን ከ400 በላይ መርከቦች ያልፉበታል። ትልቅ የጭነት መርከብ ከፊቱ ሰው ቢያይ እንኳ ቶሎ መቆም አይችልም፤ በጨለማ ደግሞ ከውሃው እምብዛም ከፍ የማይል ጥቁር የጎማ ጀልባ በዓይንም በራዳርም ለመለየት ያስቸግራል። የውሃው ሙቀት በብርዱ ወራት ወደ 8 ዲግሪ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው መጀመሪያ ሳያስበው አየር ይስባል፤ በዚያች ቅጽበት ጭንቅላቱ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው አየር ሳይሆን ውሃ ነው። ከዚያ ያመለጠም ቢሆን በደቂቃዎች ውስጥ እጁና እግሩ መታዘዝ ያቆማሉ፤ ዋና መቻል እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው ነገር ወሰኑ ነው። ጠረፍ ያለው አገር ከዳርቻው እስከ 12 የባሕር ማይል፣ ማለትም እስከ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን ውሃ እንደ ግዛቱ ያስተዳድራል፤ ይህ ክልላዊ ውሃ ይባላል። በዶቨርና በካሌ መካከል ያለው ርቀት ከሁለቱ አገሮች ክልላዊ ውሃ ድምር ስለሚያንስ ግዛቶቹ መካከል ላይ ይገጥማሉ፤ የማንም ያልሆነ ዓለም አቀፍ ባሕር በመካከላቸው የለም። ከፈረንሳይ ውሃ የወጣ ጀልባ በዚያው ቅጽበት እንግሊዝ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ይህ የካርታ ጉዳይ ቢመስልም ወደ ኋላ እንደምናየው ብዙ ነገር ይወስናል።

ሰዎች ወደ ጀልባ የዞሩት ለምንድን ነው?

ከዚህ ቀደም ከካሌ ወደ እንግሊዝ የሚሻገሩት በከባድ መኪና ጭነት ውስጥ ተደብቀው ነበር። ከ2015 ጀምሮ ግን የካሌ ወደብና የባሕር ሥር ባቡሩ መግቢያ በረጃጅም አጥር፣ በካሜራና በፍተሻ ውሾች ታጠሩ። «ጫካ» ሲባል የነበረው ትልቁ የካሌ ሰፈርም በኦክቶበር 2016 ፈረሰ። መንገዱ በየብስ ሲጠብ ሰዎቹ ወደ ውሃው ወረዱ። በ2018 በትንንሽ ጀልባ የተሻገሩት 299 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ በ2020 ከ8,400 በላይ፣ በ2021 ከ28,000 በላይ ሆኑ፤ በ2022 ደግሞ ቁጥሩ ከ45,000 አለፈ። በ2023 ወደ 29,000 ዝቅ ካለ በኋላ በ2025 እንደገና ከ41,000 በላይ ደረሰ።

ጀልባው ምን ዓይነት ጀልባ ነው?

የማስቆምን ችግር ለመረዳት መጀመሪያ ጀልባውን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። «ጀልባ» ሲባል ብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው በጣና ላይ እንደሚታየው ከብረት ወይም ከእንጨት የተሠራ፣ ቅርጹን የሚጠብቅ ዕቃ ነው። ይኸኛው ግን ጠንካራ አካል የለውም። ከስስ ፕላስቲክ ተቆርጦ በሙጫ የተጣበቀ፣ በአየር የሚነፋ ረጅም ቱቦ ነው፤ ወለሉ ላይ የጣውላ ንጣፍ ይደረጋል፣ ከኋላ ባለው ሳንቃ ላይ አነስተኛ ሞተር ይታሰራል። ለባሕር ጉዞ ታስቦ፣ ተፈትሾ የሚወጣ ዕቃ አይደለም፤ ለዚሁ ንግድ ተብሎ በርካሽ የሚሠራ ነው።

ወንዶቹ ቱቦው ላይ እንደ ፈረስ ጉብ ይላሉ፤ አንድ እግራቸው ወደ ውስጥ፣ ሌላው ውሃው ውስጥ ይንጠለጠላል። ሴቶችና ሕፃናት «ለደህንነታቸው» ተብሎ መካከል ወለሉ ላይ ይቀመጣሉ። የሞተሩ ቤንዚን የሚያዘው በፕላስቲክ ጀሪካን ስለሆነ እየፈሰሰ ወለሉ ላይ ከተጠራቀመው የባሕር ውሃ ጋር ይደባለቃል። ይህ ድብልቅ ቆዳ ያቃጥላል፤ ሰዓታት ሙሉ በላዩ የተቀመጡ ሴቶች ጭናቸውና እግራቸው ተልጦ ዶቨር ይደርሳሉ። ወለሉ ሲከዳ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ታች የሚሄደው መካከል የተቀመጠው ሰው ነው። በሴፕቴምበር 3 ቀን 2024 በፈረንሳይ ጠረፍ አቅራቢያ አንድ ጀልባ ወለሉ ተቀዶ 12 ሰዎች ሞቱ፤ አሥሩ ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ። የአካባቢው ዐቃቤ ሕግ እንደገለጸው አብዛኞቹ ሟቾች ኤርትራውያን ነበሩ። ለደህንነት የተባለው ቦታ ዋነኛው የሞት ቦታ ሆኖ ተገኘ።

መጨናነቁም ከዓመት ዓመት ብሷል። በ2018 በአንድ ጀልባ ላይ በአማካይ ሰባት ያህል ሰው ነበር፤ በ2021 ወደ 28 ደረሰ፤ በ2024 ከ50 አለፈ። በኤፕሪል 2024 ከፈረንሳይዋ ዊምሩ ዳርቻ በተነሳ አንድ ጀልባ ላይ 112 ሰዎች ተሳፍረው ነበር። ገና ከዳርቻው ሳይርቅ በተፈጠረው መጨናነቅ አምስት ሰዎች ሞቱ፤ ከመካከላቸው አንዷ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበረች።

እንደ መኪና አቁሞ መመለስ ለምን አይቻልም?

መንገድ ላይ ትርፍ የጫነ ሚኒባስ የያዘ የትራፊክ ፖሊስ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። ፊሽካ ይነፋል፣ ጥግ ያስይዛል፣ ሹፌሩን መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ትርፍ ሰዎቹን ያወርዳል። ይህ ሁሉ የሚቻለው መሬቱ ሁሉንም ስለተሸከመላቸው ነው። መኪናው ሲቆም ባለበት ይቆማል፤ የወረደው ሰው በእግሩ ይቆማል። ባሕር ላይ ግን ጥግ የለም፣ መውረጃም የለም። ጀልባ ሞተሩ ሲጠፋ አይቆምም፤ ማዕበሉና የውሃው ግፊት ወደ ወሰዱት ይሄዳል፤ አቅጣጫውን መያዝ ስለማይችል ማዕበሉ በጎኑ ይመታዋል፣ ውሃ ይገባዋል። ሹፌር የሚባለውም ብዙውን ጊዜ አሻጋሪው ሳይሆን ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ነው፤ ዋጋ ቀንሰውለት ወይም አስገድደውት ሞተሩን ያስጨበጡት፣ ባሕር አይቶ የማያውቅ ወጣት ሊሆን ይችላል። ደላላው ዳርቻው ላይ ቀርቷል።

የባሕር ኃይሎች ሌላ ዓይነት ጀልባ ለማስቆም የሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አሉ። የአደንዛዥ ዕፅ አዘዋዋሪዎችን የሚያሳድደው የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ከሄሊኮፕተር ተኩሶ ሞተር ይመታል፤ ሌሎች የሞተሩን መዘውር የሚጠልፍ ገመድ ወይም መረብ ይጥላሉ። እነዚህ የሚሠሩት ሁለት ሦስት ሰው በያዘ፣ ጠንካራ አካል ባለው ፈጣን ጀልባ ላይ ነው። በ2020 የብሪታኒያ ባለሥልጣናት በመረብ ሞተር ማሰርን አስበውበት ነበር፤ ሰው ሠራሽ ማዕበል የሚፈጥር ማሽን የሚል ሐሳብ ሳይቀር መነሳቱን በጊዜው ጋዜጦች ጽፈዋል። አንዱም ሥራ ላይ አልዋለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሕፃናት በተቀመጡበት የተነፋ ቱቦ ላይ ሞተር መቁረጥ ማለት ሰዎቹን ለመስጠም ማጋለጥ ነው።

ጀልባውን ቀርቦ መያዝ ራሱ አደገኛ ነው። ትልቅ መርከብ ሲጠጋ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሳሉ፤ ገሚሱ ለመዳን፣ ገሚሱ በፍርሃት ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ያን ጊዜ ቱቦው ይታጠፋል ወይም ይገለበጣል። በዲሴምበር 2022 አንድ የዓሣ አስጋሪ መርከብ ሠራተኞች በሌሊት ብዙ ሰዎችን በእጃቸው ጎትተው አወጡ፤ ይሁን እንጂ ጀልባው ውሃ ሞልቶት ስለነበር በዚያው ትርምስ ቢያንስ አራት ሰዎች ሞቱ። እዚያ የነበሩት ሊያድኑ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ለማስቆም፣ ለመክበብ፣ ለመግፋት የመጣ መርከብ ቢሆን ውጤቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ከሌላ ባሕር እናውቃለን። በማርች 1997 የጣሊያን የባሕር ኃይል መርከብ ከአልባኒያ የተነሳ ስደተኞችን የጫነ ጀልባ ለመመለስ ሲሞክር በኦትራንቶ ሰርጥ ላይ ተጋጭተው ከ80 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

እዚህ ላይ በራሳችን ጠረፍ አጠገብ የሆነውንም ማንሳት ተገቢ ነው፤ የመያዝ ፍርሃት ብቻውን ሰው ይገድላልና። በኦገስት 2017 በየመን ሸብዋ ጠረፍ አንድ አሻጋሪ ዳርቻው ላይ የመንግሥት ሰዎች የመሰሉትን ባየ ጊዜ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያን ወጣቶችን ከጀልባው ወደ ባሕር አስገድዶ አስወጣቸው። የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት እስከ 50 የሚደርሱት እንደሰጠሙ በጊዜው ገምቷል። አሻጋሪው ባዶ ጀልባውን ይዞ ተመለሰ።

የባሕር ሕግ ምን ያስገድዳል?

የባሕር ሕግ የጀመረው ከስደት ጉዳይ ብዙ ዘመን ቀድሞ፣ መርከበኛ ለመርከበኛ እንዲደርስ ታስቦ ነው። በ1974 የተፈረመው በባሕር ላይ የሰው ሕይወት ደህንነት ስምምነት፣ በ1979 የተፈረመው የፍለጋና ማዳን ስምምነት፣ እንዲሁም የ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 98 ሁሉም አንድ ነገር ያዝዛሉ፦ ማንኛውም የመርከብ አዛዥ የራሱን መርከብ ለከባድ አደጋ ሳያጋልጥ መድረስ እስከቻለ ድረስ በባሕር ላይ የመጥፋት አደጋ ላይ ያለን ሰው ማዳን አለበት። ሰውየው ማን ነው፣ ፓስፖርት አለው ወይ፣ ለምን ወጣ የሚሉት ጥያቄዎች እዚህ ቦታ የላቸውም። ቤት ሲቃጠል የደረሰ ጎረቤት መጀመሪያ ውስጥ ያለውን ሰው ያወጣል እንጂ የኪራይ ውል አይጠይቅም።

ብዙ ክርክር የሚነሳው «አደጋ ላይ ያለ» በሚለው ቃል ላይ ነው። አንዳንዱ ጀልባው እስኪሰጥም ድረስ አደጋ የለም ብሎ ያስባል። ከላይ የተገለጸውን ዓይነት ጀልባ ያየ የባሕር ባለሙያ ግን ከተነሳበት ደቂቃ ጀምሮ አደጋ ላይ እንደሆነ ይናገራል፤ መብራት የለውም፣ በቂ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት የለውም፣ የሠለጠነ ሹፌር የለውም፣ ከአቅሙ በላይ ጭኗል። በሕጉ ዓይን እንግዲህ ሊያስቆመው የቀረበ የመንግሥት መርከብ በዚያው ቅጽበት የማዳን ግዴታ ያለበት መርከብ ሆኗል።

ይህ ግዴታ ሲላላ የሚሆነውን የኖቬምበር 24 ቀን 2021 ሌሊት አሳይቷል። አንድ ጀልባ በሁለቱ አገሮች የውሃ ወሰን አካባቢ አየሩ እያለቀበት ሳለ ተሳፋሪዎቹ ወደ ፈረንሳይም ወደ እንግሊዝም ደጋግመው ደወሉ። እንግሊዞቹ ጋ ሲደውሉ ፈረንሳይ ውሃ ውስጥ ናችሁ፣ ፈረንሳዮቹ ጋ ሲደውሉ እንግሊዝ ውሃ ውስጥ ናችሁ ተባሉ። ቢያንስ 27 ሰዎች ሞቱ፤ ማንነታቸው ከታወቁት መካከል ሦስቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የተረፉት ሁለት ብቻ ናቸው። ብሪታኒያ ስለዚህ ሌሊት በይፋ ምርመራ ያቋቋመች ሲሆን፣ ፈረንሳይ ውስጥም በወታደራዊ ባለሥልጣናት ላይ የወንጀል ምርመራ ተከፍቷል።

ወደ ፈረንሳይ ገፍቶ መመለስስ?

«መልሶ መግፋት» የሚባለው ጀልባውን ከነሰዎቹ ወደ መጣበት ውሃ በኃይል መመለስ ነው። ብሪታኒያ በ2021 ይህን ለመሞከር ተነሳች፤ የድንበር ጥበቃ ሠራተኞች በባሕር ላይ ሞተር ሳይክል (ጄት ስኪ) ጀልባ አስፈንጥሮ ማዞርን ተለማመዱ። ሥራውን እንዲሠሩ የታሰቡት ሠራተኞች ማኅበር ራሱ ከስደተኛ ረጂ ድርጅቶች ጋር ሆኖ መንግሥትን ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ሰው ከሞተ ተጠያቂ የምንሆነው እኛ ነን የሚል ፍርሃት ነበራቸው። በኤፕሪል 2022፣ ችሎቱ ሊሰማ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ መንግሥት ዕቅዱን አነሳ። አንድም ጀልባ በዚህ መንገድ አልተመለሰም። በዚያው ወር የቻናሉን ጥበቃ የተረከበው የባሕር ኃይልም ጀልባ አንገፋም አለ።

ቀደም ብለን ያነሳነው ወሰን እዚህ ላይ ይመጣል። በመካከል ነጻ ባሕር ስለሌለ የተገፋው ጀልባ የሚገባው በቀጥታ ፈረንሳይ ግዛት ውስጥ ነው። የእንግሊዝ የመንግሥት መርከብ ደግሞ ሰዎችን ወደ ሌላ አገር ግዛት ሊያስገባ የሚችለው ያ አገር ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ ፈረንሳይ ፈቃደኛ አልነበረችም። ጎረቤት ካልተስማማ በቀር በአጥሩ ላይ ወደ ግቢው ዕቃ መወርወር አይቻልም፤ እዚህ ደግሞ የሚወረወረው ሰው ነው።

ከዚህ ሌላ ሰዎችን ሳይጠይቁ፣ ሳይሰሙ መመለስ ራሱ ሕገወጥ መሆኑን ለመላው አውሮፓ ያስረዳው ጉዳይ የእኛው አካባቢ ልጆች ጉዳይ ነው። በሜይ 6 ቀን 2009 የጣሊያን ባለሥልጣናት ከጣሊያን ደሴት ከላምፔዱዛ በስተደቡብ 35 የባሕር ማይል ላይ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎችን በራሳቸው መርከቦች ጭነው የሊቢያዋ ትሪፖሊ አራገፏቸው። ከመካከላቸው 11 ሶማሊያውያንና 13 ኤርትራውያን ከሰሱ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2012 ለእነርሱ ፈረደ፦ ሰዎቹ የጣሊያን መርከብ ላይ በወጡ ጊዜ ባሕሩ ዓለም አቀፍ ቢሆንም በጣሊያን ሥልጣን ሥር ነበሩ፤ ስለዚህ ጥገኝነት የመጠየቅ ዕድል ሳያገኙ ወደ አደጋ ሊመለሱ አይገባም ነበር። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ፍርድ በአማርኛም በትግርኛም ከዚህ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ነው።

አውስትራሊያ አስቁማ የለም እንዴ?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል፤ መነሳቱም ትክክል ነው። በ2013 ወደ አውስትራሊያ በጀልባ የደረሱት ወደ 20,000 ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ወታደራዊ ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ የሚደርሱት በጣም ጥቂት ሆኑ። ሁኔታው ግን ሌላ ነው። ሰዎች የሚያመሩባት የገና ደሴት ከኢንዶኔዢያዋ ጃቫ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በመካከሉ ሰፊ ዓለም አቀፍ ባሕር አለ። ጀልባዎቹም ከእንጨት የተሠሩ የዓሣ ማስገሪያ ጀልባዎች ነበሩ፤ ጎትቶ መመለስ ይቻላል። የማይቻል ሲሆን ሰዎቹን ነዳጅ በተሞሉ፣ ሽፋን ባላቸው ብርቱካናማ የነፍስ አድን ጀልባዎች ላይ አሳፍረው ወደ ኢንዶኔዢያ ላኳቸው። ኢንዶኔዢያ አጥብቃ ተቃወመች፤ የአውስትራሊያ መርከቦች ሳይፈቀድላቸው ውሃዋ ውስጥ መግባታቸው በታወቀ ጊዜም አውስትራሊያ በጃንዋሪ 2014 ይቅርታ ጠየቀች። የደረሱትን ደግሞ ወደ ናውሩና ወደ ማኑስ ደሴት ወስዳ ዓመታት አቆየቻቸው፤ ይህም ብዙ ገንዘብና ብዙ የተጎዳ ሰው አስከትሏል። በቻናሉ ላይ ያ ርቀትም፣ ያ የጀልባ ዓይነትም፣ ያ ነጻ ባሕርም የለም።

ታዲያ በየቀኑ ባሕሩ ላይ የሚሆነው ምንድን ነው?

የፈረንሳይ መርከቦች የተነሳውን ጀልባ ከርቀት ይከተላሉ። እርዳታ ትፈልጋላችሁ ወይ ብለው ይጠይቃሉ፤ ተሳፋሪዎቹ ወደ ፈረንሳይ መመለስ ስለማይፈልጉ ብዙ ጊዜ እምቢ ይላሉ። በግድ ማውጣት ሰው ይገድላል ስለሚባል ሲሰጥሙ ለመድረስ ተዘጋጅተው ይከተሏቸዋል። ወሰኑ ላይ የእንግሊዝ የድንበር ጥበቃ ወይም የበጎ ፈቃደኞቹ የነፍስ አድን ማኅበር መርከብ ይቀበላቸዋል፤ ሰዎቹን ጭኖ ዶቨር ያወርዳል። ይህን የሚያይ እንግሊዛዊ «መርከቦቻችን የታክሲ አገልግሎት ሆኑ» ብሎ ቢቆጣ ስሜቱ ይገባል፤ ነገር ግን በዚያ ቦታ ላይ ያለ አዛዥ ያለው ምርጫ ማንሳት ወይም ሲሞቱ ማየት ነው።

ማስቆም የተሳካበት ቦታ የት ነው?

የተሳካው በየብስ ነው። በ2022 ከ12,000 በላይ አልባኒያውያን በጀልባ ተሻገሩ። በዚያ ዓመት መጨረሻ ብሪታኒያ ከአልባኒያ መንግሥት ጋር በፍጥነት የመመለስ ስምምነት አደረገች፤ በ2023 የመጡት አልባኒያውያን ከ1,000 በታች ነበሩ። መርከብ አልጨመሩም፣ መረብ አልጣሉም። ሰዎቹ በቀናት ውስጥ እንደሚመለሱ ሲያውቁ ገንዘባቸውን ለደላላ መክፈል ተዉ። ይህ ግን ለኤርትራዊ አይሠራም፤ ጥያቄያቸው በብሪታኒያ ታይቶ አብዛኞቹ በስደተኛነት ተቀባይነት ያገኛሉ፣ ወደ አገራቸው የሚመልሳቸው ስምምነትም የለም። ብሪታኒያ በ2020 መጨረሻ የአውሮፓ ኅብረትን ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ስትለቅ ጥገኝነት ጠያቂን ወደ መጀመሪያው አገር የመመለስ መብቷም አብሮ ቀረ። ወደ ሩዋንዳ የመላክ ዕቅዷ በኖቬምበር 2023 በጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ሕገወጥ ተባለ፤ በጁላይ 2024 ደግሞ ተሰረዘ።

በኦገስት 2025 ሥራ የጀመረው የፈረንሳይና የብሪታኒያ ስምምነት ይህንን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነው፦ በጀልባ የመጣ አንድ ሰው ወደ ፈረንሳይ ይመለሳል፣ በምትኩ ፈረንሳይ ያለ፣ በጀልባ ያልሞከረ ሌላ ሰው በሕጋዊ መንገድ ይገባል። በሴፕቴምበር ከተመለሱት የመጀመሪያዎቹ መካከል አንድ ኤርትራዊ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ የተመለሱት ግን በመቶ ቤት የሚቆጠሩ ሲሆኑ የመጡት ከ41,000 በላይ ነበሩ፤ ዕድሉ እንዲህ ሲሆን ደላላው «አንተን አይነካህም» ለማለት አይቸግረውም።

የገንዘቡን ነገር በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ሃምሳ ሰዎች እያንዳንዳቸው 1,500 ዩሮ ቢከፍሉ አንድ ጉዞ 75,000 ዩሮ ያስገባል፤ ጀልባውና ሞተሩ የዚህ ጥቂቱን ብቻ ይወስዳሉ። ፖሊስ ከሦስት ጀልባ ሁለቱን ቢቀድ እንኳ ነጋዴው አይከስርም። የጎደለውን በተረፈው ጀልባ ላይ ሰው በመጨመር ይሞላዋል፤ የመጨናነቁ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ብሪታኒያ በማርች 2023 ለፈረንሳይ ጥበቃ በሦስት ዓመት 476 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማች፤ ብዙ ሙከራዎች ዳርቻው ላይ ከሸፉ፣ የተነሱት ጀልባዎች ግን ይበልጥ ሞሉ። ለዚህ ነው መርማሪዎች ወደ ኋላ ሄደው የጀልባውን መንገድ የሚከተሉት፦ ቻይና ተሠርቶ፣ በቱርክ በኩል አልፎ፣ ጀርመን መጋዘን ያድራል፤ ከዚያ በመኪና ሌሊቱን ተጉዞ ዳርቻ ይደርሳል። ጀርመን ውስጥ ወደ ብሪታኒያ ሰው ማሻገርን ማገዝ በግልጽ ወንጀል ስላልነበረ ሁለቱ አገሮች በዲሴምበር 2024 ሕጉ እንዲጠብቅ ተስማሙ።

«ታክሲ ጀልባ» የሚባለው ምንድን ነው?

ዳርቻው ላይ የፖሊስ ቁጥር ሲበዛ አሻጋሪዎቹ ጀልባውን አሸዋ ላይ መንፋት ተዉ። ከዳርቻው ራቅ ብሎ በወንዝና በቦይ ውስጥ ነፍተው፣ ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ይዘው ወደ ባሕር ያወጡታል፤ ከዚያ ልክ እንደ ታክሲ በጠረፉ እየዞሩ በየተቀጠረው ቦታ ተሳፋሪ ያነሳሉ። ተሳፋሪዎቹ ውሃው ውስጥ ገብተው ይጠብቃሉ። የፈረንሳይ ፖሊስ ለብዙ ጊዜ የቆየ መመሪያው ውሃ ውስጥ ገብቶ ሰው እንዳይዝ ይከለክለው ስለነበር፣ እነርሱ ወገባቸው ድረስ ሲገቡ እርሱ ዳርቻው ላይ ቆሞ ያይ ነበር። በጁላይ 2025 የፈረንሳይ ፖሊሶች ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ገብተው ሰው የተሳፈረበትን ጀልባ በስለት ሲቀዱ ታዩ፤ በዚያው ዓመት መገባደጃ ደግሞ ፈረንሳይ ታክሲ ጀልባዎችን ሰው ሳይጭኑ በባሕር ላይ ለማስቆም እንደምትዘጋጅ አስታወቀች።

«ሰው ሳይጭኑ» የሚለው ቃል ነው ሁሉን የያዘው። ባዶ ጀልባ ዕቃ ነው፤ መያዝ፣ መጎተት፣ መቅደድ ይቻላል። ሰው የጫነ ጀልባ ግን የሚነሳ ሰው ነው እንጂ የሚያዝ ዕቃ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ነው፦ ጀልባው ከወንዙ አፍ ወጥቶ ዳርቻውን ሲያቅፍ፣ አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ውሃው ውስጥ ቆመው ሲጠብቁት፣ የመጀመሪያው እጅ ቱቦውን እስኪይዝ ድረስ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች።